እማማ እንዳትሰማ

ኮሎምበስ፣ ኦገስት 22, 2021

እቴ መብራት፣

እንዴት ከረማችሁ? የእማማ ጉልበትስ እንዴት ነው? ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ትናንት በስልክ «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ስትይኝ «ጉንፋን ነው» ያልኩሽ ውሸት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። እማማ «ላውድ ላይ አድርጊው፣ እኔም ልስማ» እያለች ሌላ ምን ልበል?

ግራ ጡቴ ላይ እብጠት ተገኝቷል። ገላዬን ስታጠብ እጄ ነካው። ሥራ ላይ ካርቶን የገጨኝ መስሎኝ ተውኩት፤ ክረምቱ ሲጋመስ ኤልዳና ልጄ አስገድዳ ወሰደችኝ። ፎቶ አነሱኝ፤ በሌላ ቀን ደግሞ በመርፌ ቆንጥረው ወሰዱ። ባለፈው ማክሰኞ ነርሷ ኮል አደረገችኝ። ኒው አልባኒ፣ ዌርሃውሱ ውስጥ፣ ስካነሬን እንደያዝኩ ነበርኩ። አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው መስመሩ ላይ አስገባችልኝ። እሷ ረጅም ነገር ተናገረች። ሰውየው «እትዬ፣ ካንሰር ነው እያለች ነው» አለኝ። ቀጥሎ «አይዞዎት» አለ። አይዞሽ እሷ አላለችም፤ እሱ ከራሱ የጨመረው ነው።

ከዚያ ምን አደረግሽ ብትይኝ፣ የእረፍት ሰዓቴ አልደረሰም ነበር፤ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሐኪሟ ቶሎ ነው የተገኘው ብላኛለች። ወይ እብጠቱን ብቻ ያወጡና ጡቱ ይቀራል፤ እንዲያ ከሆነ ጨረር የግድ ነው። ወይ ጡቱን በሙሉ ያወጡታል፤ ያኔ ጨረሩ ላያስፈልግ ይችላል። ምረጪ አለችኝ። እቴ፣ እኔ ምርጫ ደክሞኛል። እዚህ አገር ዳቦ እንኳ ምረጪ ነው።

ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር በስልክ አናውራ። በቴሌግራም ጻፊልኝ፤ የእማማ ዓይን ፊደል አይለይም። አደራሽን፣ እንዳትሰማ።

እህትሽ ፋንቱ


ናዝሬት፣ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.

ፋንትዬ፣

ያዘገየሁት ስለረሳሁሽ አይደለም። ጽፌ አጠፋለሁ፣ ጽፌ አጠፋለሁ። «አይዞሽ» ብዬ ልጀምር እልና ያንን እንኳ የማታውቂው ሰው ቀድሞኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ለእማማ ጉንፋን ነው ብያታለሁ። «ያ በረዶ አገር ነው የጎዳት» አለች። በነሐሴ በረዶ የለም ብላት አልሰማችኝም። ስለት ተስላልሻለች፤ ምን ብላ እንደተሳለች አልነገረችኝም።

ምርጫውን በተመለከተ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጨርቅ ቢሆን ከስንቱ ላይ ተቀዶ ስንቱ እንደሚተርፍ እነግርሽ ነበር። ሥጋ ላይ አላውቅም። ያወቅሁት ነገር ቢኖር አንቺ ገና ልጅ ሆነሽም ቁስልሽን ሰው እንዲያይብሽ አትወጂም ነበር። አሁን ግን አሳዪ። ቀን ከቆረጡልሽ በቀኑ ሂጂ።

ክንድሽን ማንሳት ስለማትችይ ከፊት የሚከፈት ልብስ ያስፈልግሻል አይደል? ከፖፕሊን እሰፋልሻለሁ። አዝራሩን ሰፋፊ አደርገዋለሁ፣ በአንድ እጅ እንዲከፈት። የሚመጣ ሰው ስታገኚ ንገሪኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሲነካ ያማል ወይስ አያምም? ብብትሽ ውስጥስ እንደ ፍሬ የሚንከባለል ነገር አለ? ቆዳው ወደ ውስጥ ይጎትታል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

መብራት


ኮሎምበስ፣ ሴፕቴምበር 19, 2021

እቴ፣

እንኳን አደረሳችሁ። በዓሉን እንዴት ዋላችሁ ብዬ እንኳ ሳልደውል ቀረሁ፤ ይቅርታ። መደወል ፈርቼ ነው። ሰርጀሪው ባለፈው ማክሰኞ ነበር፤ ካንሰል አደረግሁት።

ለምን እንደሆነ ለሁሉም የተለያየ ነገር ነው የነገርኩት። ለሆስፒታሉ «ሥራ ሊቭ አልፈቀዱልኝም» አልኩ። ለሥራ አለቃዬ ምንም አልነገርኩም። ለኤልዳና «ክላስ ገና መጀመርሽ ነው፣ ትንሽ ይቆይ» አልኳት። አየችኝና «ማም፣ ኖ» አለች። ሌላ ነገር ልትናገር ፈልጋ አማርኛው ጠፋባት፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። አባቷ ከሄደ ወዲህ በዚህች ብሌንደን ሰፈር ባለች አፓርታማ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ሁለታችንም በር ዘግተን ዋልን።

ላንቺ እውነቱን ልንገርሽ። ደክሞኛል። ካንሰሩ አይደለም ያደከመኝ፤ ስልኩ፣ ቀጠሮው፣ «የተወለዱበትን ቀን ይንገሩን» ነው። ተኝቼ የሚቆርጡኝ ሳይሆን ከዚያ ተነስቼ እንደገና የምጀምረው ነው የከበደኝ። ይህን ምክንያት የሚቀበል ሰው የለም።

ደብዳቤሽን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። የመጨረሻውን ጥያቄሽን። «ቆዳው ወደ ውስጥ ይጎትታል?» ትያለሽ። የእኔ አይጎትትም። ሐኪሟም ጠይቃኝ ነበር፤ እስክትጠይቀኝ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አላውቅም። ይህን ሰው ከልቡ አያመነጨውም፣ እቴ። በእጁ የነካ ካልሆነ በስተቀር።

ያንቺ በየት በኩል ነው?

ፋንቱ


ናዝሬት፣ መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ፋንትዬ፣

በቀኝ በኩል ነው። ካየሁት ዓመት አልፎታል። አያመኝም። የማያም ነገር ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት፤ ደግሞስ እማማን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ከአልጋ የማነሳት እኔ፣ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ። በሠርግ ወቅት ስፌቱም አያፈናፍነኝም። አንቺ ካርቶን ገጨኝ እንዳልሽው፣ እኔም የስፌት መኪናው ጠርዝ ነው ብዬ ነበር፤ ደረቴን አስደግፌ ስለምሰፋ።

አሁን ቆጣ ብለሽ እንደምትጽፊልኝ አውቃለሁ። ከመቆጣትሽ በፊት ስሚኝ። አዲስ ቀን አስቆርጪ። አንቺ ሆስፒታል በምትገቢበት ሳምንት እኔም እመረመራለሁ፤ በእግዚአብሔር ስም ቃሌን ሰጥቼሻለሁ። አንቺ ከቀረሽ ግን እኔም እቀራለሁ። ታላቅሽ ነኝ፤ በእልህ አትችይኝም።

መብራት


ኮሎምበስ፣ ኦክቶበር 17, 2021

እቴ፣

ሰርጀሪው የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ነው። አሁን ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ቁጭ አልኩ። እንዴት ነው የሚያዘጋጁሽ ላልሽው፣ እንደምችለው ልጻፍልሽ።

እብጠቱን ብቻ እንዲያወጡ መርጫለሁ። ከብብቴ ስርም ጥቂት እጢ ወስደው ተዛምቶ እንደሆነ ያያሉ። ጨረሩ በኋላ ይመጣል፤ የኋላውን ለኋላ። ዓርብ ለኮቪድ አፍንጫዬን መረመሩኝ፤ ነፃ ነኝ። ሰኞ ማታ ከበላሁ በኋላ እስከ ማግስቱ ምንም አልቀምስም፤ እሱስ ለእኛ አዲስ አይደለም። የጥፍር ቀለም፣ ሽቶ፣ ቀለበት አይፈቀድም። የሚያጣብቅ ሳሙና ሰጥተውኛል፤ በዋዜማውና በዕለቱ ሰውነቴን በሙሉ የምታጠበው። ጀርባዬ ላይ እጄ ስለማይደርስ ኤልዳና ታጥበኛለች። ትናንት «አሳዪኝ እንዴት እንደማደርግ» አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችው። ስንት ዓመት እኔ ያጠብኳት ልጅ!

ማተቤ ነው ያስቸገረኝ። ነርሷ «ኔክሌስ ይወጣል» አለች። ኔክሌስ አይደለም አልኳት። ኤልዳና አስረዳቻት፤ ምን ብላ እንዳስረዳቻት አላውቅም፣ ረጅም ነበር። ነርሷ ነካ አድርጋ አየችው፤ ብረት እንደሌለው አረጋገጠችና «እግሯ ላይ በፕላስተር እናስርላታለን» አለች። እንግዲህ ማተቤ እግሬ ላይ ይሆናል። እግዚአብሔር ይታዘበኝ ይሆን?

ሸሚዞቹ ደርሰውኛል። የላክሽበት ጀማነህ ከናንተ ዘንድ እንደተመለሰ ከአፐር አርሊንግተን ድረስ መጥቶ ሰጠኝ። ሰማያዊውን ነው የምለብሰው። እጅሽ ይባረክ።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። በየትኛው ቀን ነው የምትሄጂው?

ፋንቱ


ናዝሬት፣ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

የኔ ፋንትዬ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኤልዳና «ሺ ኢዝ ኦኬ» ብላ የላከችልኝን በጎረቤት ልጅ አስነብቤ ነው የተረዳሁት፤ ኦኬዋንስ ራሴም አውቃታለሁ። የመጀመሪያውን ቀን እንዴት አሳለፍሽ? ትበያለሽ? ሽንትሽ ሰማያዊ ሆነ ያልሽው አስቆኛል፤ መድኃኒቱ ቀለም ነው ካሉሽ አትፍሪ። ክንድሽን ቶሎ አታሠሪው፣ ጨርሶም አታስተኚው። እማማ እንቁላል ትብላ ትልሻለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ዝም ብላ ነው ያለችው።

እኔም ሄጄ ታይቻለሁ። የስብ እብጠት ነው ብለውኛል። አታስቢ።

ሌሎቹን ሸሚዞች በሳሙና ብቻ እጠቢያቸው፣ ቀለማቸው እንዳይለቅ።

መብራት


ኮሎምበስ፣ ኖቬምበር 28, 2021

እቴ፣

ደህና ናችሁ? እዚህ ዜናው መንገድ ተዘጋ፣ ዜጎች ውጡ ይላል፤ አንቺ «ሰላም ነው፣ ገበያውም ቆሟል» ትይኛለሽ። አንቺ ሰላም ነው ስትይ እኔ አላምንም፤ ለዚህ ያበቃሽኝ ራስሽ ነሽ። የምርመራሽን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ብዬሽ ነበር።

ውጤቴ መጥቷል። ያወጡት ሥጋ ዳር ዳሩ ንጹሕ ነው፤ እጢዎቹም ነፃ ናቸው። ኤልዳና መኪና ውስጥ አለቀሰች፤ እኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንባ አልመጣልኝም። ከዚያ ሁሉ በኋላ መተኛት ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ስለ ጨረሩ ደጋግመሽ የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። መጀመሪያ ጨረር የለም፤ ልኬት ነው። ያንቺን ሥራ ነው የሚመስለው። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ በጀርባዬ አስተኙኝና ሁለት እጄን ከራሴ በላይ አስዘረጉኝ። ግራ ክንዴ እዚያ እንዲደርስ በጣቶቼ ግድግዳ እየወጣሁ ስለማመድ ነው የከረምኩት። ከጀርባዬ ስር እንደ ሰውነቴ የሚቀረጽ ትራስ አደረጉ፤ በየቀኑ እዚያው ቅርጽ ውስጥ ነው የምገባው። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ቀለም እያስገቡ ነቀሱኝ። የእማማን የአንገት ንቅሳት እንዳታስቢ፤ ቁንጫ የነከሰኝ ነው የሚመስለው። ማሽኑን በነዚያ ነጥቦች ያስተካክሉታል። አይለቅም አሉኝ። አይልቀቅ፣ ማን ያየዋል።

ግራ ስለሆነ ልብ ከስሩ አለ። ትንፋሼን ስቤ ከያዝኩ ደረቴ ይነሳና ልቤ ከጨረሩ ይርቃል። ሁሉም ሰው ወጥቶ በሩ ይዘጋል፤ ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ «ብሪዝ ኢን፣ ሆልድ»። እይዛለሁ። መጀመሪያ ላይ መያዝ አቅቶኝ አሳለኝ፤ እንደገና ጀመርን። አሁን ለምጄዋለሁ። ማሽኑ አይነካሽም፣ አያምሽም። መዞሩን ብቻ ነው የምትሰሚው።

በሚመጣው ሰኞ ይጀመራል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ነው። ሽቶና ዲዮድራንት የለም፣ ልቅ ያለ ጥጥ ልብስ ብቻ። መኪና የምጋራው የሥራ ጓደኛዬ ሙክታር «እኔ አደርስሻለሁ» ብሎ ሺፍቱን ቀይሯል። ምን ልታደርጊ ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

ወረቀቱን ላኪልኝ።

ፋንቱ


ኮሎምበስ፣ ዲሴምበር 26, 2021

እቴ፣

ትናንት የፈረንጆች ገና ነበር፤ ቤት ዋልኩ። መልስሽን ጠብቄ ነበር።

ድካሙ ጀምሮኛል። ተኝተሽ የምትነሺበት ድካም አይደለም፤ ተኝተሽ ስትነሺ አብሮሽ የሚነሳ ነው። ማንኪያ ለማጠብ ቁጭ ብዬ አርፋለሁ። ጡቴ ምድጃ አጠገብ እንደቆየ ቆዳ ጠቁሯል፤ ቅባት ይቀቡኛል። ሙክታር በረዶው ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀኛል፤ በኮቪዱ ምክንያት ውስጥ አያስገቡትም። ሐሙስ ዕለት ስንመለስ፣

«ሙክታር፣ ለምን እንደምመጣ አንድም ቀን አልጠየቅኸኝም» አልኩት።

«እትዬ ፋንቱ፣ ሕንፃው ላይ ተጽፏል እኮ» አለኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። 

ዛሬ ጠዋት ደውዬ እማማን አገኘኋት። አንቺን ጠየቅኋት።

«ጨርቅ ልትገዛ አዲስ አበባ ሄዳለች» አለችኝ።

«ዛሬ እሑድ አይደል?»

«ነገ በጠዋት ወረፋ ለመያዝ ነው አለች። ባለፈውም ሄዳ ነበር፤ ከዚያ በፊትም። ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሆነ እንጃ። አንድም ቀን ይዛ ስትገባ አላየሁም።»

እቴ፣ እኔም ልጠይቅሽ። ምን ዓይነት ጨርቅ ነው?

ፋንቱ


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

ፋንትዬ፣

ዋሽቼሻለሁ። ምርመራውን በቃሌ መሠረት ባልኩሽ ሳምንት አድርጌያለሁ፤ ውሸቱ ውጤቱ ላይ ነው። ካንሰር ነው ያሉኝ በጥቅምት ነው። አንቺ ያኔ ከአልጋ ገና እየተነሳሽ ነበር። ብነግርሽ ጨረሩን ትተሽ አውሮፕላን ላይ ትወጪ ነበር፤ አሳድጌሻለሁ፣ አውቅሻለሁ። ይቅር በይኝ። ብትቆጪም መብትሽ ነው።

ብብቴ ውስጥ ገብቷል። ጡቱን በሙሉ ያወጡታል። ምረጪ አላሉኝም። አንቺ «ምርጫ ደክሞኛል» ብለሽ የጻፍሽልኝ ጊዜ አንብቤ ያዘንኩልሽ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ሐኪሙ ፊት ተቀምጬ ያ ቃል ትዝ ሲለኝ ቀናሁብሽ። ይህንንም ይቅር በይኝ።

ስለ ጨረሩ፣ ስለ ትንፋሹ፣ ስለ ንቅሳቱ የጠየቅሁሽ ሁሉ ለራሴ ነው። አንቺ የጻፍሽልኝን ወረፋ ላይ ሆኜ አነበዋለሁ። አንዴ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ምንድን ነው እንዲህ የሚመስጥሽ?» ብትለኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከዚያ ሌሎቹም ወንበራቸውን አስጠጉ። ማሽኑ አይነካሽም፣ አያምሽም የሚለውን ድገሚልን አሉኝ። ደገምኩላቸው።

ቀኑ ከጥምቀት በኋላ ነው። ከዚያ መድኃኒት በደም ሥር አለ፤ ጨረሩ ደግሞ ወረፋው ሲደርስ። አትምጪ። የጀመርሽውን ጨርሺ።

መልካም ገና ይሁንልሽ፤ በዓሉ ሲቃረብ እንዲህ ያለ ነገር ስለጻፍኩልሽ አዝናለሁ።

መብራት


ኮሎምበስ፣ ጃንዋሪ 16, 2022

እቴ፣

ምን ያህል ጊዜ ለመቆጣት ተቀመጥኩ መሰለሽ። አቅም አጣሁ። ደግሞስ በምን አፌ? እኔም እማማን ዋሽቻት፣ ሥራዬን ዋሽቼ ነው እዚህ የደረስኩት።

ጨረስኩ። እዚህ ጨረር የጨረሰ ሰው ደወል ይደውላል። ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሠራተኞቹ ወጥተው ያጨበጭባሉ። ኤልዳና ያን ቀን ብቻ እንድትገባ ፈቀዱላት፤ ስልኳን አዘጋጅታ ቆማለች። እጄን ገመዱ ላይ አደረግሁና ተውኩት። «ማም፣ ዋት ሃፐንድ?» አለችኝ። «አክስትሽ ገና አልጀመረችም» አልኳት። እስከዚያ ቀን ስላንቺ አልነገርኳትም ነበር። ስልኳን ኪሷ ከተተችና አቀፈችኝ። ሰዎቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አጨበጨቡልን።

ልመጣ አልችልም። ሊቬ አልቋል፤ ሥራ ካልተመለስኩ ኢንሹራንሱ ይቆማል፣ ኢንሹራንሱ ከቆመ ክትትሉ የለም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልስጥሽ።

ለራስሽም ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ስፊ። ካንቺ የሚቆርጡት ከእኔ ይበልጣል፤ ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ ይተዉብሻል። ከሸሚዙ ውስጥ ኪስ አውጪለት፣ እየተንጠለጠለ እንዳይጎትትሽ። ትንሽ ትራስም ስፊ፤ ብብትሽ ስር ታደርጊዋለሽ፣ መኪናው ሲንገጫገጭ ታመሰግኚኛለሽ። ከመግባትሽ በፊት ውኃና ዕቃሽን ዝቅ ባለ ቦታ አድርጊው፣ ሽቅብ መዘርጋት አትችይምና። ማተብሽን እግርሽ ላይ እንዲያስሩልሽ ለምኚ። ከሁሉ በላይ ብቻሽን አትሂጂ። ለእማማ ንገሪያት። ያንቺን ብቻ። የእኔን አትንገሪያት፤ አንድ ይበቃታል።

ፋንቱ


ናዝሬት፣ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ፋንትዬ፣

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ስህተቱን ታገሺኝ። ወጥቻለሁ። ቤት ገብቻለሁ። ሕመሙ ይቻላል። ኪሱ ጥሩ ሆኗል፤ አንዷ ነርስ ሌሎቹ እንዲሰፉት ብላ ፎቶ አነሳችው።

ለእማማ የነገርኳት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ፊቷን እንዳላይ እየሰፋሁ።  ስጨርስ «አዲስ አበባ የምትሄጂው ለዚህ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ብቻሽን?»

«አዎ፣ እማማ።»

 ተነስታ ነጠላዋን ፈለገች። በዚያ ጉልበቷ አብራኝ ሄደች፣ ፋንቱ። ጎረቤታችን ወርቅነህ በመኪናው ወሰደን። ሆስፒታሉ ውስጥ ቤንች ላይ ነው ያደረችው፤ ሂጂ ቢሏት አልሰማም አለች። ፋሻው ሲፈታ ዓይኗን ታዞራለች ብዬ ነበር። አላዞረችም። እኔ ነኝ ያዞርኩት። ጠባሳውን እያየች፣ ልጅ ሆኜ እንደምታደርገው፣ እፍ እፍ አለችልኝ። ያኔ አለቀስኩ። ለካ ከጥቅምት ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ያዘችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፣ ወርቅነህ እንዳይሰማ።

«ፋንቱ እንዳትሰማ» አለችኝ። «እዚያ ሰው አገር ብቻዋን ናት፤ ማን ያጽናናታል? ድነሽ እስክትነሺ አንነግራትም። ማይልኝ።»

ማልኩላት።

ነገ ስትደውዪ እማማ «መብራት ሥራ በዝቶባት ነው» ትልሻለች። ድምፅዋ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። እንዴት ናችሁ ስትያት «ሁላችንም ደህና ነን» ትልሻለች።

እመኚያት።

መብራት